ባለባትሪ ድሪል ወይስ ባለገመድ? መጀመሪያ ግድግዳውን እንይ

ጥያቄ፦ «የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ፣ ቆጪ አካባቢ ነው። ሰው ቤት እየዞርኩ የመጋረጃ ዘንግ፣ የቴሌቪዥን ማንጠልጠያና የግድግዳ መደርደሪያ እሰቅላለሁ፤ አልፎ አልፎ የኪችን ካቢኔት እገጥማለሁ። እስካሁን የምሠራው በተውሶ ድሪል ነበር፤ አሁን ለአንድ የሚበቃ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ሄርማታ መርካቶ ያለ ሻጭ ሁለት ባትሪ ያለው ባለ 48 ቮልት ድሪል አሳየኝና ‹ባለገመዱን ያስንቃል፤ መብራት ቢጠፋም አትቆምም› አለኝ። አንድ የማውቀው ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ‹ባለገመድ ግዛ፣ እሱ አይሞትም› ይለኛል። አሜሪካ ያለው አጎቴም ባለ 20 ቮልት ልላክልህ ብሏል። የመብራቱን ነገር ያውቁታል። ጋሼ፣ የትኛውን ልያዝ?»

ምላሽ፦ ከሻጩ ልጀምር፤ ከሦስቱ መካሪዎችህ ኪስህን የሚጎዳው እሱ ነው። ያሳየህ ድሪል ባለ 48 ቮልት አይደለም። የድሪል ባትሪ ሲፈታ ውስጡ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የሚመስሉ ሴሎች ተደርድረው ታገኛለህ። አንዱ የሊቲየም ሴል 3.6 ቮልት ገደማ አለው፤ ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። አምስቱ ሲቀጣጠሉ 18 ቮልት ይሆናሉ፤ ከቻርጀር እንደወጡ ሲለኩ ደግሞ 21። ስለዚህ «18»፣ «20» እና «21» የተጻፈባቸው ድሪሎች በቮልት አንድ ናቸው፤ አንዱ አምራች ሥራ ላይ ያለውን ቁጥር ይጽፋል፣ ሌላው ሲሞላ ያለውን። አጎትህ ልላክልህ ያለው ባለ 20ም የዚሁ ዘር ነው። «48»፣ «88»፣ «128» የሚሉት፣ ብዙ ጊዜም ከቁጥሩ ኋላ «ቪኤፍ» የሚል ፊደል የሚያስከትሉት፣ ከሴሉ ብዛት ጋር የማይተዋወቁ የገበያ ቁጥሮች ናቸው።

ከሻጩ ጋር መከራከር አያስፈልግህም፤ ባትሪውን ከአንዱ ቅመም ነጋዴ ሚዛን ላይ አውጣው። በብዛት የሚገባው ሴል ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቱ ከ45 እስከ 50 ግራም። እውነተኛ 48 ቮልት ለማግኘት 13 ሴል ይፈልጋል፤ ፕላስቲኩ ሳይቆጠር 600 ግራም ማለት ነው። ባትሪው 300 ግራም አካባቢ ከመዘነ ውስጡ ያለው አምስት ሴል ነው፤ አለቀ። ጎኑ ላይ «6000 ሚሊ አምፒር» ከተጻፈበት ደግሞ ሁለተኛ ውሸት ነው፤ በዚህ መጠን ከሚሠሩት ሴሎች ምርጡ እንኳ ከ3500 ብዙ አይዘልም፤ አምስት ሴል ተከታትሎ ሲቀጠል ደግሞ ቮልቱ እንጂ አምፒር-ሰዓቱ (የሚይዘው ክምችት) አይደመርም።

ይህን ስል ዕቃው አይሠራም ማለቴ አይደለም። ቁጥሩ ውሸት ሆኖም ድሪሉ ለእንጨትና ለብሎን ደህና ሊሆን ይችላል። የማይሆነው «ባለገመዱን ያስንቃል» የሚለው ነው። ቮልትን በአምፒር-ሰዓት ስታባዛው ዋት-ሰዓት ይሰጥሃል፤ የባትሪው ነዳጅ እሱ ነው። ባለ 18 ቮልት፣ 2 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 36 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ባለ 650 ዋት ባለገመድ ድሪል ሙሉ አቅሙን ሲጠቀም የሚበላውን ያህል ብትበላው 36 ዋት-ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ተኩል አይዘልም። በእርግጥ ማንም ሰው ድሪሉን ሙሉ አቅሙ ላይ ይዞ አይውልም፤ አንድ ብሎን ለማስገባት ጥቂት ሴኮንድ ይበቃል፤ ስለዚህ ብሎን ለሚያስር ሰው ያው ባትሪ ሰፊ ነው። ኮንክሪት ለሚበሳ ሰው ግን ጠባብ ነው። አንተ ከሁለቱ የትኛው ነህ?

መልሱን የሚሰጥህ የምትሰቅልበት ግድግዳ ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ፣ ሦስት ዓይነት ግድግዳ ይገጥምሃል።

ጭቃ ቤት ላይ ፊሸር፣ ማለትም ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ መሰኪያ፣ አይይዝም። የልስኑ ላይ ሲሚንቶ አያሞኝህ፤ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በኋላ ጭድና ጭቃ ነው። ግድግዳውን እያንኳኳህ ቋሚውን እንጨት ፈልግ፣ በቀጭን ፑንታ (የድሪል መብሻ) ሞክረህ አረጋግጥ፣ ከዚያ ብሎኑን በቀጥታ እንጨቱ ላይ እሰር። ከባድ ዕቃ ከሆነ ሁለት ቋሚ ላይ የሚያርፍ ጣውላ ምታና ዕቃውን ጣውላው ላይ ስቀል። ቋሚው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ከደረቀ በኋላ ልበ ደንዳና ነው። ሳትበሳለት ብሎን ብትነዳበት ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል ወይ የብሎኑ አናት ይላጣል። ለዚህ ሥራ ማንኛውም ድሪል ይበቃል፤ እንዲያውም ባለባትሪው ይቀላል።

ብሎኬት ሁለተኛው ነው፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እሱን ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ፑንታህ የሚያገኘው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሽፋን ብቻ ነው። የድሪሉን መዶሻ (እየመታ የሚበሳበትን ስልት) አብርተህ ብትገፋው ፊት ለፊት ያለው ቀዳዳ ያምራል፤ ከኋላ ግን ሽፋኑ ፈንድቶ ሰፊ ጉድጓድ ይሆናል። ፊሸሩ እዚያ ገብቶ ይሽከረከራል፣ ደንበኛህም «ድሪልህ ደካማ ነው» ይልሃል፤ እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ብሎኬትን መዶሻውን አጥፍተህ፣ በስለታም የግንብ ፑንታ፣ እጅህን ሳትጫን ብሳው። ቴሌቪዥን ከሆነ የሚሰቀለው ቀዳዳውን ወደ ብሎኬቶቹ መጋጠሚያ ወይም ወደ ኮለን አዛውር፤ ካልሆነም ብሎኑን ግድግዳውን አሳልፈህ ከጀርባ በላሜራ ቁራጭ እሰረው። (ፊሸር የምንለው ነገር ስሙን ያገኘው በ1958 እ.ኤ.አ. የፕላስቲኩን ዓይነት ከፈጠረው ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር ነው። ፑንታንና ካቻቢቴን ከጣሊያን ወሰድን፣ ፊሸርን ከጀርመን፤ የዕቃ ሳጥናችን ከኛ በላይ አገር ዞሯል።)

ሦስተኛው ኮንክሪት ነው፤ የጥያቄህ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። የመጋረጃ ዘንግ የት ይሰቀላል? ከመስኮቱ በላይ። በብሎኬት ቤት ከመስኮቱ በላይ ያለው ምንድን ነው? ፌሮ የገባበት ቢም። የመጋረጃ ሥራ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሲሠሩት ግን የኮንክሪት ሥራ ነው። አንድ ሳሎን ሁለት መስኮት ቢኖረውና ለእያንዳንዱ ሦስት ማንጠልጠያ ብትገጥም፣ ለአንዱ ማንጠልጠያ ሁለት ፊሸር፣ 12 ቀዳዳ በቢም ላይ ማለት ነው፤ ያውም መሰላል ላይ ቆመህ፣ እጅህን ወደ ላይ ዘርግተህ። በደከመ ባትሪ አራተኛው ቀዳዳ ላይ ስትደርስ ፑንታው ይሞቃል፣ ጫፉ ይደነዝዛል፣ አንተም ድሪሉን በደረትህ መግፋት ትጀምራለህ።

እዚህ ላይ ኤሌክትሪሺያኑም ሻጩም ያልነገሩህን ልጨምር። ከገመድና ከባትሪ በፊት ሊያሳስብህ የሚገባው የመዶሻው ዓይነት ነው። «ሀመር አለው» የሚባሉ ዕቃዎች ሁለት ናቸው። ተራው ባለመዶሻ ድሪል ውስጡ ጥርስ ያላቸው ሁለት የብረት ሳህኖች አሉት፤ ሲዞሩ አንዱ በሌላው ጥርስ ላይ እየተንሸራተተ ፑንታውን ይነቀንቀዋል። በደቂቃ ከ40,000 በላይ ሊመታ ይችላል፤ እያንዳንዱ ምት ግን የጣት ኩርኩም ነው፣ ያውም አንተ በገፋኸው መጠን ብቻ። ሁለተኛው ሮታሪ ሀመር ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ አምራች ስም «ሂልቲ» ይለዋል። በውስጡ ፒስተን አየር አምቆ መምቻውን ይወረውራል። ምቱ በደቂቃ አራት አምስት ሺህ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን አንዱ ምት ከ2 እስከ 3 ጁል ጉልበት አለው፣ የሚመታውም ዕቃው እንጂ ትከሻህ አይደለም። ተራው ባለመዶሻ አንድ ደቂቃ የሚታገለውን ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይህኛው በሴኮንዶች ይጨርሰዋል። ፑንታው የሚያዘው በቁልፍ ሳይሆን ገፍተህ ስታስገባው ቀጭ ብሎ ነው፤ የፑንታው እግር 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተቦረቦረ ቦይ አለው። ይህን አያያዝ ቦሽ ያወጣው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ ሁሉም አምራች ስለሚጠቀምበት የአንዱ ፑንታ ለሌላው ይሆናል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪሺያኑ። «ባለገመድ አይሞትም» ትክክል አይደለም፤ ይሞታል፣ ግን ይነሣል። ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። ባለገመድ ድሪል ላይ የሚያልቁት ነገሮች ይታወቃሉ። ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል መብራት የሚያቀብለው ካርቦን (ብሩሽ) ያልቃል፤ ጥንድ ካርቦን ከገበያ ገዝተህ ራስህ ትቀይረዋለህ። ገመዱ እጀታው ሥር ይሰበራል፤ ቆርጠህ መልሰህ ታስረዋለህ። ማብሪያው ይበላሻል፤ ይገኛል። አርማቸሩ (የሚዞረው የሞተሩ የሽቦ ጥቅል) ከተቃጠለም ጅማ ውስጥ የሚጠቀልልልህ ባለሙያ አታጣም። የባለባትሪውን ነገር ለማየት ከፈለግህ ደግሞ የጥገና ሱቄ ግድግዳ ላይ አራት ድሪሎች ተሰቅለዋል፤ ሞተራቸውን ብትነካው ይዞራል፣ ጊራቸው ደህና ነው፣ አካላቸው አዲስ ይመስላል። ባትሪያቸው ሞቶ ምትኩ ስለጠፋ ነው የተሰቀሉት። አምራቹ በሁለት ዓመት ውስጥ የባትሪውን ቅርጽ ቀይሮታል፣ ወይም ስሙን ቀይሮ ሌላ ሆኗል። ሊቲየም ባትሪ ብትሠራበትም ባትሠራበትም ያረጃል፤ በጥሩ አያያዝ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ባለባትሪ ድሪል ስትገዛ፣ በእርግጥ የምትገዛው ባትሪውን ነው፤ ድሪሉ ምርቃት ነው።

ባለገመዱን ያለጊዜው እንዳይሞት የሚያደርገው ግን አያያዝህ ነው። አብዛኛው ተቃጥሎ የሚመጣልኝ ድሪል የተቃጠለው በአንድ ጥፋት ነው፦ በዝግታ እያዞሩ በኃይል መጫን። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፋን ያለው ራሱ የሞተሩ ዘንግ ላይ ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ፋኑም በዝግታ ይዞራል፣ ሙቀቱ ግን እየጨመረ ይሄዳል። በትንሽ ድሪል ቀለምና ስቱኮ የሚያማስሉ ሰዎች ድሪላቸው ለምን እንደሚሸት የሚገርማቸው ለዚህ ነው። ሲሞቅብህ ወዲያው አታጥፋው፤ ከግድግዳው አውጥተህ ሳይጫን በሙሉ ፍጥነት አንድ ደቂቃ አዙረው፣ ራሱን ያቀዘቅዛል።

ቀጥሎ መብራት። የሻጩ ጠንካራ መከራከሪያ ይሄ ስለሆነ ዘልዬው አላልፍም። ግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ጎረቤታችን ነው፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁንና በጅማ ክረምት መብረቅና ዝናብ ሲወርድ፣ ቅርንጫፍ መስመር ላይ ሲወድቅ፣ ትራንስፎርመር ሲመታ፣ ግድቡ ቅርብ መሆኑ ቤትህን አያበራም። መብራት በጠፋ ሰዓት ባለገመዱ ብረት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ባለባትሪው ግን ከመብራት አያወጣህም፤ መብራቱን አጠራቅሞ ያቆይልሃል እንጂ። ማታ ካልነበረ ጠዋት ባዶ ባትሪ ነው ይዘህ የምትወጣው። በዚያ ላይ የቻርጀሩ ጠላት መጥፋቱ ሳይሆን አመጣጡ ነው፤ መብራት ሲመለስ በሚዘለው ቮልት ስንት ቻርጀር እንደተቃጠለ እኔ አውቃለሁ። ሲጠፋ ንቀለው፤ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ሲረጋ ሰካው።

ቮልት ሲወርድ ደግሞ ባለገመዱ እንደ ፍሪጅ አይደለም፤ ከ220 ወደ 170 ቢወርድ ጉልበቱ ከመቶው ወደ 60 ገደማ ይወርዳል እንጂ አይቆምም። ታግሰህ ትሠራለህ፤ አትጫነው። ደንበኛህ አነስተኛ ጄኔሬተር ካለው 800 ዋት የሚስብ ዕቃ ባለ 2 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር ላይ ያለ ችግር ይሠራል። የመጋረጃ ሥራ የድንገተኛ ሕክምና አይደለም፤ ከመሄድህ በፊት «መብራት አለ?» ብለህ ትደውላለህ፤ ከሌለ ቀጠሮ ታዛውራለህ። ለኮንክሪት የማይበቃ ባትሪ ይዘህ ግማሽ መስኮት ሰቅለህ ከመመለስ ይህ ይሻላል።

እንግዲህ ምክሬ፦ ባለገመድ ሮታሪ ሀመር ግዛ። ትንሹን፤ ክብደቱ ከ2 እስከ 3 ኪሎ፣ ኃይሉ 800 ዋት አካባቢ፣ የሚበሳው እስከ 24 ወይም 26 ሚሊ ሜትር የሚል። ባለ 5 ኪሎውን ሰባሪ አትመኘው፤ መሰላል ላይ ክንድህን ይጨርሰዋል። ሦስት ነገር ይኑረው። አንደኛ መዶሻው የሚጠፋበት፣ ማለትም መዞር ብቻ የሚችልበት ቦታ፤ ለብሎኬትና ለእንጨት ያንን ነው የምትጠቀመው። ሁለተኛ ወደ ኋላ የሚዞርበት፤ ፑንታ ሲነከስ ታወጣበታለህ። ሦስተኛ ከሳጥኑ ውስጥ ተራ ፑንታ የሚይዝ ተቀጣይ አፍ፤ ከሌለው ለብቻው ግዛ። ይህን አፍ ገጥመህ መዶሻውን ግን በፍጹም አታብራ፤ በአንድ ቀን ይበታተናል። ገንዘቡ ለዚህ ካልደረሰ ሁለተኛው ምርጫህ ከ650 እስከ 750 ዋት የሆነ፣ አፉ እስከ 13 ሚሊ ሜትር የሚይዝ ባለገመድ ባለመዶሻ ድሪል ነው፤ ቢሙን እየታገልክም ቢሆን ትበሳዋለህ።

ይህ ምርጫ ጉድለት አለው፤ አልደብቅህም። ሮታሪ ሀመር ብሎን ማሰሪያ አይደለም። ተቀጣዩ አፍ ትንሽ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ለማጠፊያ የሚሆን ጥንቁቅ ቀዳዳ በካቢኔት በር ላይ አታወጣበትም። የጉልበት መመጠኛ ስለሌለውም ብሎን ልሰርበት ካልክ ቺፑዱን ያስጮኸዋል፣ ብሎኑን ይላጠዋል። ለጊዜው ቀዳዳውን በድሪሉ አስጀምረህ ብሎኑን በካቻቢቴ እሰር። ካቢኔት አልፎ አልፎ ነው ብለሃል፤ የእጅ ሥራው አይገድልህም።

ባለባትሪው ሁለተኛ ዕቃህ ይሁን፤ ከመጀመሪያው በምታገኘው ገቢ። ያኔ «48» የሚለውን ትተህ ባለ አምስት ሴሉን፣ ሁለት ባትሪ ያለውን፣ አንገቱ ላይ የጉልበት መመጠኛ ቁጥር የተደረደረበትን ምረጥ። ሥራህ ካቢኔት ብቻ ከሆነ ባለ ሦስት ሴሉ፣ «12 ቮልት» የሚባለው ቀላሉ ይበቃሃል፤ ካቢኔት ውስጥ እጅህን ለማስገባትም ይመቻል። ከመግዛትህ በፊት ለሻጩ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርብ፦ «ይህ ባትሪ ብቻውን ለሽያጭ አለህ?» ከሌለው ዕቃውን መደርደሪያው ላይ መልስለት። ብሩሽ የሌለው ሞተር ያለውን ቢያሳይህ፣ እውነት ነው ባትሪ ይቆጥባል፤ ነገር ግን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ከተቃጠለ እዚህ የምንጠግነው አይደለም፣ እሱንም ከሂሳብህ አስገባ። ባትሪውን ሙሉ በሙሉ አድርቀህ ቻርጅ አድርግ የሚሉህንም አትስማ፤ ያ ምክር የድሮዎቹ የኒኬል-ካድሚየም ባትሪዎች ነው። ሊቲየም ጭራሽ ሲደርቅ ይጎዳል። ሳትሠራበት የምታስቀምጠው ከሆነ በግማሽ ሙላት፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀትና ከቆመ መኪና ውስጥ አርቀህ አስቀምጠው።

ሐሳቤን የምቀይርበት አንድ ሁኔታ አለ። ሥራህ በብዛት ከከተማ ወጣ ያለ ከሆነ፣ መስመር ያልገባበት ገጠር የጭቃ ቤትና የእንጨት ሥራ ከሆነ፣ ምክሬ ይገለበጣል፤ ባለባትሪውን አስቀድም። አንተ የጻፍክልኝ ግን ቆጪ ሆነህ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሳትሞክረው ገንዘብ አትክፈል። ሰካውና ሁለት ደቂቃ አዙረው። በማናፈሻው ቀዳዳ ውስጥ ካርቦኑ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ፍንጣቂ ብታይ ጤነኛ ነው፤ ዙሪያውን እሳት ቀለበት ከሠራ አትንካው። ማብሪያውን ቀስ እያልክ ስትጫነው ፍጥነቱ ቀስ እያለ መጨመር አለበት። ፑንታ አስገብተህ ስታዞረው ጫፉ ክብ እየሠራ የሚዋልል ከሆነ ሌላ አውጣልኝ በል። ሰሌዳው ላይ ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚለውንና በካሬ ውስጥ ሌላ ካሬ ያለበትን ምልክት ፈልግ፤ ምልክቱ ድርብ መከላከያ አለው ማለት ነው። የምትሠራባቸው አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የመሬት ገመድ ስለሌላቸው ይህ ምልክት ቅንጦት አይደለም። የታወቀ አምራች ስም አንድ ፊደል ተቀይሮ ወይም ተዛብቶ ከተጻፈ ደግሞ ዋጋውን ከመስማትህ በፊት ውጣ።

ከድሪሉ ጋር 25 ሜትር ኤክስቴንሽን ያስፈልግሃል፤ መዳቡ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ። ድሪልህ ብቻ ቢሆን ቀጭኑም ይችለዋል፤ ነገ ግን ያንኑ ገመድ ለግራይንደር ትሰካዋለህ። ጥቅልሉን እንደተጠቀለለ አትሥራበት፤ ዘርጋው፣ አለዚያ ውስጥ ለውስጥ ይግላል። የደንበኛው ሶኬትና ያንተ ሹካ አልገጥም ካለ የመቀየሪያ አፍ ይዘህ ተንቀሳቀስ። ሽቦ ልጦ በክብሪት እንጨት ሶኬት ውስጥ መወተፍን ከዛሬ ጀምሮ እርሳው፤ ሰው ቤት ገብተህ የምትሠራ ሰው ነህ፣ የሚነካው ሕፃን ያንተ ላይሆን ይችላል።

ስትበሳም ከማብሪያና ከሶኬት ቀጥታ በላይና በታች አትብሳ፤ ሽቦው ያለው እዚያ ነው። ከሮታሪ ሀመር ጋር የሚመጣውን የጎን እጀታ አውጥተህ አትጣለው። ፑንታው ፌሮ ላይ ሲነከስ ድሪሉ ራሱ ይዞራል፤ መሰላል ላይ ያለ ሰው የእጅ አንጓ የሚሰበረው ያኔ ነው። ፌሮ ካገኘህ አትታገለው፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አዛውረህ ብሳ። ወደ ላይ ስትበሳ መነጽር አድርግ። የጨርቅ ጓንት ግን አታድርግ፤ ፑንታው ክሩን ከያዘ ጣትህን ይዞ ይሄዳል።

የቀረው አጎትህ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው። የሚልክልህ ባለገመድ ከሆነ እዚህ ሶኬት ላይ በሰከንዶች ያጨሳል፤ ሞተሩ የሚችለውን እጥፍ ሊጠጋ ቮልት ነው የሚያገኘው። ባለባትሪ ከሆነም ድሪሉ ደህና ነው፣ የሚቃጠለው ቻርጀሩ ነው። የቻርጀሩን የኋላ ሰሌዳ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፤ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ካላለ ለእዚህ አገር የሚሆን ቻርጀር ለዚያው ባትሪ መገኘቱን ሳታረጋግጥ እሺ አትበለው። በሰው እጅ የሚመጣ ከሆነ ትርፍ ባትሪዎቹ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት ሻንጣ አይገቡም፤ አንዱ ባትሪም ከ100 ዋት-ሰዓት አይብለጥ፤ ባለ 18 ቮልት፣ 5 አምፒር-ሰዓቱ 90 ስለሆነ ያልፋል።

እኔ ብሆን ግን ድሪሉን ተወውና ፑንታ ላክልኝ እለው ነበር፤ ፑንታ ቮልት የለውም። እዚህ ሦስት መስኮት ሳይሠራ የሚደነዝዝ ፑንታ ገዝተህ ድሪሉን ከምትወቅስ፣ ለሮታሪ ሀመር የሚሆን ጥሩ የግንብ ፑንታ ባለ 6፣ ባለ 8 እና ባለ 10 ሚሊ ሜትር ሁለት ሁለት ይላክልህ። በሚሊ ሜትር መሆኑን ደጋግመህ ንገረው። እዚያ በኢንች ነው የሚሸጡት፤ ሩብ ኢንች ብሎ ቢልክልህ 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፣ ባለ 6 ፊሸር ገብቶበት ይላላል።